ማክሰኞ የወንዶች ቀን

ኤርሜሊንዶ በሞቃታማዋ የወደብ ከተማ በኮሎን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በረዶ እየፋቀ፣ ሽሮፕና የጣሳ ወተት እያፈሰሰበት የሸጠ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የማንንም ወረፋ አልቀደመም። የሚገፋ ጋሪ ይዞ ቀይ መብራት ላይ የሚቆም እሱ ብቻ ነበር፤ ሹፌሮቹ «ሽማግሌው፣ ሞተሩ ጠፋብህ እንዴ?» እያሉ ይስቁበታል። ሚስቱ ኤኔይዳ በዚህ ጠባዩ አንዳንዴ ትኮራለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ደሟ ይፈላል።

ወረርሽኙ ገብቶ፣ ሴቶች ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ወንዶች ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ እንዲወጡ ሲታዘዝ፣ ኤርሜሊንዶ ደንቡን በትልልቅ ፊደል ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈው። እሑድ ማንም አይወጣም። ጋሪውን በሸራ ሸፍኖ ቁጭ አለ።

አንድ እሑድ ከቁርስ በኋላ እምብርቱ አካባቢ ይቆርጠው ጀመር። ሲመሽ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኑ ወረደ፤ ሰኞ ጠዋት አስመለሰው።

«ተነሥ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለችው ኤኔይዳ።

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው። የእናንተ ቀን ነው።»

«የእኛ ቀን ነው ብለህ ልትሞትብኝ ነው?»

«ታዲያ ለፖሊሱ ምን ልበለው? ቀሚስሽን ልልበስና ልውጣ?»

ሳቀች። እውነቱ ይነገር ከተባለ እሷም አልገፋችበትም። ከሰፈሩ ሁለት ሰዎች በእግራቸው ሆስፒታል ገብተው ሬሳቸው እንኳ ሳይታይ ተቀብሯል። በዚያ ላይ የታመመ ሰው በማንኛውም ቀን መውጣት እንደሚችል በሬዲዮ ሰምታ ነበር። በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች፤ ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም። ደንቡ ለፍርሃቷ ደህና መሸሸጊያ ሆነላት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ በድንገት ለቀቀው።

«አየሽ? ዝም ሲሉት ራሱ ይሄዳል!» አለና ሁለት ማንኪያ የዶሮ ሾርባ ቀመሰ። ኤኔይዳ እፎይ ብላ አማተበች። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳው በዚያች ሰዓት እንደነበር ያወቀችው በኋላ ነው።

ማክሰኞ ሲነጋ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አገኘችው። ጎረቤታቸው ባለታክሲው ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባው። እሷም ልትገባ በሩን ስትይዝ ኤርሜሊንዶ እጁን አወዛወዘ።

«ቤት ግቢ፣ አንቺ ሴትዮ። ያስሩሻል።»

ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማችውም።

ወደ ማታ አንድ ሐኪም ደወለላት።

«እናቴ፣ ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው?»

«እሑድ።»

«እሑድ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ። ለቀዶ ሕክምና አንድም ሰው አልመጣም፤ ሰኞም እንደዚያው። ድሮ በቀን አራት አምስት ትርፍ አንጀት እናወጣ ነበር። አሁን ሰው ፈርቶ ቤቱ ይቀራል፤ የሚመጣውም ሆዱ መግል ከሞላ በኋላ ነው።»

«እሑድ ቢመጣስ ኖሮ?»

«አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር።»

«ልምጣ?»

«ጠያቂ አይገባም፣ እናቴ።»

ኤርሜሊንዶ ረቡዕ ንጋት ላይ ሞተ። የተቀበረው አራት ሰው ብቻ ቆሞ ነው። ጎረቤቶቹ በየመስኮታቸው ሆነው ለኤኔይዳ አለቀሱላት። «ወይ ኤርሜሊንዶ! ተራዬ ካልደረሰ ብሎ ሞተ! ግትርነቱ ገደለው!» ይሏታል። እስከ ዛሬም ስሙ በተነሣ ቁጥር የሚባለው ይኸው ነው። ኤኔይዳ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ፣ «አዎ፣ እንዲያ ነበር፤ የሰው ምክር መቼ ይሰማና» ትላለች።