ጋሽ ሕሩይ የጋበዙት ቢራ

የእህቴ የፀዳል ባል ውድነህ ዴንቨር ውስጥ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ሸትል የሚነዳ፣ ቻምበርስ ሮድ የሚባል ሰፈር የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። የተሳፋሪ ሻንጣ ሲያነሳ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ድሮ ይጠጣ ነበር፤ አጠጣጡ ደግሞ ለጉድ ነበር። መንጃ ፈቃዱን ተነጥቆ፣ ሥራውን አጥቶ፣ ፀዳል ልብሷን ጠቅልላ እዚያው ከተማ ግሌንዴል እኔ ዘንድ ከመጣች በኋላ ነው የነፍስ አባቱ እግር ላይ የወደቀው። እሳቸውም ገዘቱት። ከዚያ ወዲህ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። ግዝቱን ፈርቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ብርጭቆ ከቀመሰ እንደማያቆም ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው።

ይህን ሁሉ የማያውቁት ጋሽ ሕሩይ ብቻ ናቸው። አጎታችን ናቸው፤ አባታችን ሲሞት ያሳደጉን፣ ኋላም ዴንቨር ያመጡን። ገና ሽማግሌ ሲላክ "ይሄ ልጅ ብርጭቆ ይወዳል፣ ይቅርብሽ" ብለዋት ነበር። ፀዳል አልቅሳ ነው እሺ ያሰኘቻቸው። ስለዚህ ያ ሁሉ መዓት ሲወርድ እሳቸው እዚያው ዴንቨር ዳር ሴንቴኒያል ተቀምጠው ምንም እንዳይሰሙ አደረገች። ለምን አይጠጣም ብለው ሲጠይቁ "ጨጓራ አለበት" ይባላሉ። የእኛ ሰው ጨጓራ ያለበትን አያስቸግርም፤ ግማሹ ራሱ የጨጓራ በሽተኛ ነው።

በ2015 የሌበር ዴይ፣ የሠራተኞች በዓል ሰሞን ጋሽ ሕሩይ "ሁላችሁንም ሳንዲያጎ እወስዳችኋለሁ፣ ባሕር እናያለን" አሉ። ውድነህ ስለ ከተማዋ ሲጠይቅ ሁሉም የነገረው ስለ ቢራዋ ነው። ፀዳልን "እኔ ልቅር፣ ከሥራ ኦፍ አልሰጡትም በያቸው" አላት። እሷ ግን "ብትቀር ይጠረጥራሉ" ብላ ድርቅ አለች። ቆሽቴ አረረ። ለአጎቷ ስትል ባሏን ይዛ ወደ እሳት!

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ባሕሩ ዳር ካለች አንዲት የሜክሲኮ ምግብ ቤት ዓሣ በላን። ውድነህ ደስ ብሎት፣ አፍ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ስልስ በማንኪያ እየጨለፈ ደጋግሞ ጨመረበት። እኔም ፀዳልም ነገሬ አላልነውም። ጋሽ ሕሩይ ግን ነገሬ ብለውት ኖሯል።

በማግስቱ የወሰዱን ቢራ ጠመቃ ቤት ነበር። ሰፊ አዳራሽ፣ ከጀርባው ትልልቅ የብረት ጋኖች፣ ከሩቅ የሚጣራ የብቅል ሽታ። ጋሽ ሕሩይ ለሁላችንም አዘዙ። ውድነህ ብርጭቆው ፊቱ ሲቀመጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

"ጠጣ እንጂ!"

"ጋሼ፣ ጨጓራዬ..."

"ትናንት ያንን ሁሉ ቃሪያ ስትጨልፍ ጨጓራህ የት ሄዶ ነበር?" ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ወዲያው ከፊታቸው ጠፋ። "ወይስ የእኔን ግብዣ ንቀህ ነው?"

"ኧረ ጋሼ! እንዴት እንደዚያ ይላሉ!"

"እንግዲያው በሞቴ! አንዴ ፉት በልልኝ!" ብርጭቆውን አንስተው እንደ ጉርሻ ወደ አፉ አስጠጉለት። "እኔን ቅበረኝ!"

አንድ ሽማግሌ ብርጭቆ በእጁ ይዞ "ቅበረኝ" ሲል እምቢ ማለት ምን እንደሆነ የእኛ ሰው ያውቀዋል። ውድነህ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀበለ። አረፋው ከንፈሩ ሥር ደርሷል፤ ምራቁን ሲውጥ አየሁት። ፀዳል ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨምድዳ ይዛለች። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ ጨጓራ የለብኝም" አለ። "ሰካራም ነኝ። ይቺን ከጠጣሁ ወደ ቤቴ አልመለስም።"

ፀዳል ከት ብላ ሳቀች። "ቀልዱን እኮ ነው ጋሼ! ዝም ይበሉት፣ እሱ ቀልድ ይወዳል።"

እህቴን በጥፊ ባላት ደስታዬ ነበር። ውድነህ ግን አልተቆጣም። ዞር ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ያለው ተማጽኖ ብቻ ነበር። "እየቀለድኩ ነው፣ ፀዳልዬ?"

ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። አንገቷን ደፋች። "አይደለም" አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። "እውነቱን ነው።"

ጋሽ ሕሩይ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። የግንባራቸው ሥር ተገታተረ። "እኔ ድሮውንም..." ብለው ጀመሩ።

ፀዳል በዕድሜዋ ንግግራቸውን አቋርጣ አታውቅም። "ይህንኑ ላለመስማት ነው ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ስዋሽዎት የኖርኩት" አለቻቸው።

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ዋጡት። ብርጭቆውን ከውድነህ ፊት ወደ ራሳቸው ስበው፣ ቀና ብለው ሳያዩት፣ "ውሃ ይምጣልህ?" አሉት።