በአዋጅ የተቆፈረ ጉድጓድ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ የገባ ሰሞን፣ በይጁቤ ገበያ ነጋሪት ተጎሰመና ግብር ምረናችኋል ተባለ። ሴቱ እልል አለ፤ ወንዱም ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አነሣ። አብራኝ የቆመችው አክስቴ ግን እልል አላለችም። አዋጅ ነጋሪው አሥራቱን፣ የማሩን፣ የከብቱን እያለ የቀረልንን ግብር ሁሉ ሲዘረዝር፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እንግዲህ ስም የሌለው ሊመጣ ነው» አለች።

እንዳለችውም ሆነ። ገበያው ታጠረና አንድ በር ብቻ ተተወለት። ጭነት ይዞ የገባ ከበሩ ይከፍላል፤ ሳይሸጥ የተመለሰም ያው ይከፍላል፣ መሬቱን ረግጧልና። ይህ ግብር አልነበረም፣ «የገበያ ጽዳት» ነበር። ለደብረ ማርቆሱ ምሽግ ዶሮና እንቁላል ማቅረብም ግብር አልነበረም። ወረቀት ብር ይሰጡበት ስለነበር ሽያጭ ይባላል፤ ወረቀቱን ግን ከዚያው ከገበያው በር በቀር የሚቀበለው አልነበረም። መንገድ ሥራው ደግሞ «እርዳታ» ነበር። መንገዱ ጥሩ መንገድ መሆኑን አልክድም፤ ድንጋዩን የደረደርነው እኛ ነንና አውቀዋለሁ። ቀድሞ ዶሮ ፈላጊ ወታደር ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር፤ መንገዱን ከሠራንለት በኋላ ግን ቁርሳችን ላይ ይደርስ ጀመር።

ይኸ የቀኑ መንግሥት ነው። ከመሸ በኋላ ዱር ቤቴ ያሉት ልጆቻችን ስንቅ ፍለጋ ይመጣሉ። ለእነሱ የምንሰጠው በደስታ ነበር። ነገር ግን ደስታም ቢሆን የሚወጣው ከጎታ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ባሏ ከሞተባት ወዲህ እኔ አርስላታለሁ፤ ልጅ የላትም። ባለፈው ክረምት በረዶ ማሳዋን መትቶት ስለነበር፣ ቤቷ ውስጥ ከቀረው እህል ቁም ነገር የሚባለው የዘር ገብሷ ብቻ ነበር። እሱ ከጠፋ መሬቱ ጦም ያድራል፤ ወይም ደግሞ ለባለ ዘር ሰጥታ ከገዛ ማሳዋ የእኩል ልትቀበል ነው። ይኸን የእኩል የሚፈልግ የባሏ ወንድም፣ ገና ከጥር ጀምሮ «ለመሆኑ ዘር አለሽ?» እያለ በአዛኝ ድምፅ ይጠይቃት ነበር።

ዘሩን ጎታ ውስጥ ማኖር አይቻልም። የዱር ቤቴዎቹን ስንቅ ፍለጋ ከምሽጉ የሚላኩት ፈታሾች መጀመሪያ የሚያዩት ጎታ ነው። እንደ ጥንቱ እህል ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበርም አደገኛ ሆኖ ነበር፤ ፈታሾቹ ረዥም ብረት ይዘው አዲስ የተነካ አፈር ባዩበት ሁሉ ይወጋሉ።

በዚህ መሀል ሌላ አዋጅ መጣ። በገበያው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ለጤና ሲባል እያንዳንዱ ቤት ጥልቀቱ በሰው ቁመት፣ አፉ ሁለት ክንድ የሆነ ጉድጓድ ይቆፍር፤ በላዩ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ክዳን ያድርግ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ማንም ሜዳ አይውጣ ይላል።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነቅነቅ አሉና «ገባኝ» አሉ። «ምን ያህል እንደምንበላ ሲጠይቁን እንዋሻለን። አሁን ከመውጫው ሊቆጥሩብን ነው።»

ይኸን ያላመነ አልነበረም። ጭቃ ሹማችን ብቻ ነበር የተጨነቀው፤ ካልተቆፈረ የሚገረፈው እሱ ነው። ሦስት ሰንበት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ሲለምን የሰማው የለም። በመጨረሻ አክስቴ ጠራችው።

«ኧረ አያ፣ ምን ያስለምንሃል? ደቦ ጥራና ይቆፈር እንጂ።»

«ሰዉ እንቢ አለኝ እኮ እመት።»

«አዲስ አፈር ያየ ፈታሽ ምን ይላል?»

«እህል ቀበራችሁ ይላል።»

«የታዘዝነው ነው ብትለውስ?»

ጭቃ ሹሙ ይኸንኑ በየቤቱ እየገባ ሲያንሾካሹክ አመሸ። ከዚያ ወዲህ ልመና አላስፈለገውም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ዶማ ይዞ ወጣ፤ ጠላ ተጠመቀ፤ እየዞርን የሁሉንም ቆፈርን። አንድ ሰውዬ እንዲያውም «ቤተሰቤ ብዙ ነው» ብሎ ሁለት አስቆፈረ። የሰፈራችንን ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ «መንግሥት ያዘዘው፣ ሕዝብ የወደደው» ቢሏቸው መልሱ ይጠፋቸው ነበር፤ ያን ሳምንት ግን ያውቁታል።

አንድ ስሕተት ሠራን። ማንም አልመከረበትም፤ እጃችን ከእህል ጉድጓድ ሌላ ስለማያውቅ ነው። ጉድጓድ ከተቆፈረ ጭድ ይነድበታል፣ ግድግዳው እስኪደርቅ፤ ከዚያ በእበት ይለቀለቃል፣ ከዚያ በአመድ ይታሻል። እንደዚያው አደረግን። የምሽጉ ሹም በመኪና መጥቶ ከሩቅ አየና ከአካባቢው ሁሉ ታዛዥ ሰፈር ይህ ነው አለ። ለጭቃ ሹሙ አንድ የወታደር ካፖርት ሸለመው። ጭቃ ሹሙም የቀትር ፀሐይ ሲያቃጥል እንኳ አያወልቀውም ነበር።

አክስቴ ገብሷን አወረደች። ጭድ ጎዘጎዝን፣ እህሉን አፈሰስን፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንን፤ ዙሪያውን በጭቃ የመረግሁት እኔ ነኝ። ከአፉ በታች አንድ ክንድ ያህል ባዶ ተውን። በላዩ አዋጁ ያዘዘው ባለ ቀዳዳ ክዳን ተቀመጠ። ሰውም እንደ ድሮው ሜዳ ይወጣ ጀመር።

ጉድጓዱን ለታዘዘበት ሥራ ያዋሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የኔታ። የኔታ በዲማ ቅኔ የተማሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ በአንዲት ጎጆ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚደብቁት እህል የላቸውም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሜዳው ሩቅ ነው። ስለዚህ ተጠቀሙበት። መንገደኛው ሁሉ መሳለቂያ አደረጋቸው።

«የኔታ፣ ዛሬስ ገበሩ?» ይላቸዋል አንዱ።

«የሚገብሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ መንግሥት ይወድዎታል» ይላል ሌላው። እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ይገባሉ።

በሁዳዴ አጋማሽ የምሽጉ ሐኪም ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። በመንገዱ ዳር መጀመሪያ የሚገኘው የጭቃ ሹሙ ቤት ነው። ጭቃ ሹሙ ፈሪ ስለሆነ የራሱን ጉድጓድ ባዶውን ትቶት ነበር። ሐኪሙ ክዳኑን አስነሥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። አሸተተ። ዱላውን አስገብቶ ግድግዳውን አንኳኳ። ገንቦ አንኳኳ ማለት ይቀላል።

«ይህ ጉድጓድ ሰው ነክቶት አያውቅም ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«ጌታዬ፣ ሁዳዴ ነው እኮ» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ሁዳዴ ቢሆንስ?»

«ጾም ነዋ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ቆሎና ሽሮ የቀመሰ ሰው ምን ይወጣዋል? ፋሲካ ይድረስና ይዩን።»

አስተርጓሚው እሱም ጿሚ ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ ረዘም አድርጎ አስረዳ። ሐኪሙ ባርኔጣውን አወለቀ። ለሃይማኖታችን አክብሮ ይሁን ሙቀት ተሰምቶት አላውቅም። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን በትሕትና ተናገረ፤ ከፋሲካ በኋላ መድኃኒት ይዤ እመለሳለሁ፣ ያን ጊዜ ያልተነካ ጉድጓድ ካገኘሁ እስከ ታች አስፈትሸዋለሁ አለ።

ሐኪሙ ሲሄድ ሰፈሩ ቀዘቀዘ። እህሉን እናውጣ ቢባል የት ይደረጋል? ከእህሉ በላይ እንጠቀም ያለ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ አክስቴ አማተበችበት።

«በዘር ላይ? ክረምት ሲመጣ እግዜርን በየትኛው አፌ ዝናብ ልለምነው?»

ሰዉም እንደሷ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ከላይ መታየት አለበት። በድንጋዩ ላይ ጭድና አመድ አልብሰን፣ በጭዱ ላይ ገል አስቀምጠን፣ ገሉ ላይ ማስረጃ ብናኖር እህሉን አይነካውም ተባለ። ማስረጃው ግን የት አለ? የሜዳውን ጅብና ውሻ አያስተርፉትም። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ወደ የኔታ ጎጆ ዞር አልን።

ጭቃ ሹሙ በካፖርቱ ሄዶ ደጃቸው ቆመ፤ እኛ ከኋላው።

«የኔታ፣ ችግር ገጥሞን ነው የመጣን።»

«አውቃለሁ። ግን ስሙን ጥራው። ምን ፈልገህ ነው?»

«ከ... ከጉድጓድዎ።»

«በሰንበት ለተማሪ ቁራሽ ስንለምን ‹እግዜር ይስጥልን› ትሉን ነበር። ዛሬ ከጉድጓዴ ልትለምኑ መጣችሁ?»

«ይማሩን የኔታ።»

«እምራለሁ። በየቤቱ አንድ አንድ ቁና እህል ለተማሪዎቼ። የሰደበኝ ሁለት።»

«ይኸ እኮ አሥራት ሆነ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቀርቶ አልነበረም? መልሼዋለሁ።»

«እኔስ አልሰደብኩም» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ስቀሃል። ሁለት።»

በእነዚያ ዓመታት ከከፈልነው ሁሉ ወዲያውኑ የሚገባንን ያገኘንበት ግብር ይህ ነው። የየቤቱን በገል የተሸከምነው እኛ ጎረምሶቹ ነን፤ ዝርዝሩን ልተወው። አክስቴ ወንዝ ወርጄ እስክታጠብ ድረስ ቤት አላስገባችኝም፤ ከታጠብኩ በኋላም በእጄ እንድበላ አልፈቀደችም፤ ራሷ አጎረሰችኝ።

ፋሲካ አልፎ ሐኪሙ መጣ። መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ሁለት ወታደሮች ኖራ በጆንያ አስይዞ ከቤት ወደ ቤት ዞረ። ባየ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል፤ ደስ ብሎት ነበር። ወታደሮቹ ኖራውን በአካፋ እያፈሱ ወደ ውስጥ ይበትናሉ። የአክስቴ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለ። የባሏ ወንድም ከአጥሩ ወዲያ አንገቱን አስግጎ ይመለከታል።

«ስንት ሰው ነው በዚህ ቤት?» አለ አስተርጓሚው።

«ሁለት ነን።»

«ለሁለት ሰው ጥቂት ነው ይላሉ።»

«ድሆች ናቸው በልልኝ» አለች አክስቴ።

አስተርጓሚው ምን እንዳለ አላውቅም፤ ሐኪሙ ግን አዘነ። አዝኖም ወታደሩን በእጁ ጠቆመውና፣ ለሌላው ቤት አንድ አካፋ የተበተነው ለአክስቴ ሦስት ተበተነላት። ነጩ ዱቄት ሲወርድ ያየሁትን አልረሳም። የመረግሁት ጭቃ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ጭዱ ወደዚያ ሰምጦ ነበር፤ ኖራው በስንጥቁ እንደ ውሃ ሰረገ። አክስቴም አይታለች። ሐኪሙን እጅ ነሥታ እስኪሄድ ድረስ ቆመች፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ቆዳ የሚልጥ ነገር ነው» አለችኝ። «ዘሩን ፈጅቶታል።»

የባሏ ወንድም አጥሩን ዞሮ ገባ። «እግዜር ያውቃል፣ የእኩል ቢሆን ምን አለበት፣ ዘመድ አይደለን?» አላት። እሷ ተነሥታ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

ጉድጓዱን ከፈትን። የላይኛው ገብስ ዱቄት እንደነካው ሰው ነጭ ሆኗል። አክስቴ ከላይም ከታችም አንድ አንድ እፍኝ ዘግና አጠበችው፣ በእርጥብ ጨርቅ ቋጥራ ከምድጃው ዳር አኖረችው። እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም፤ ደግነቱ እኔም ወሬ አልወድም። ጨርቁ ሲፈታ የበቀለው ሁሉ እንደ ጥርስ ነጭ ሆኖ ተሰልፎ ነበር። ሁለቱም እፍኝ።

ግንቦት ላይ ሰው ሁሉ ጉድጓዱን ሲከፍት፣ ጭቃውን አሳምሮ የመረገው ሁሉ ነቀዝ ጠበቀው። ከእህሉ ግማሹን በልቶበታል። ኖራ የሰረገበት የአክስቴ ገብስ ግን አንድ ቀዳዳ ፍሬ አልተገኘበትም። ያን ክረምት ማሳዋን እኔ አረስኩ፤ የእኩል የሚባል ነገር አልተነሣም። የባሏ ወንድም ራሱ ዘር ሊበደር መጣ። ሰጠችው፤ ግን ስትሰፍርለት «ለመሆኑ ዘር የለህም?» አለችው፣ በዚያው በአዛኙ ድምፅ።

ጭቃ ሹሙ ካፖርቱን ለብሶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። የሰፈሩ ሰው መክሮ የላከው ነው፤ ሐኪሙ ኖራውን ይዞ በየዓመቱ ይምጣልን፣ ከፊተኛው አብዝቶ ይበትንልን ብሎ እንዲያመለክት። በእነዚያ ዓመታት ከሰፈራችን ለጣሊያን መንግሥት የቀረበ አቤቱታ ይህ ብቻ ነው።

ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል፤ ኖራ የለም። የምሽጉ ሹም ግን ንጽሕና መውደዳችን ደስ ስላሰኘው፣ በየቤቱ ሁለተኛ ጉድጓድ እንዲጨመር አዟል።

«ምን ይሻላል እመት?» አላት ጭቃ ሹሙ።

አክስቴ ወደ ገብሱ ማሳ አየት አደረገች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ዶማው የት እንዳለ ጠየቀችኝ።