ለቀጨኔ ቤቴ ፍሬዛ ስመርጥ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ወልዴ የሳሙና ፍሬ የሚያህል ብረትና አንድ ሞረድ ሰጡኝና «ስድስቱም ጎን እኩል ይሁን» ብለውኝ ሄዱ። በቃ፣ ሌላ ንግግር የለም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ያገኘሁትን ሰርተፊኬት በፕላስቲክ ሸፍኜ ነበር የመጣሁት፤ የሚያየው ሰው ግን አልተገኘም። ያን ብረት ስሞርድ አሥራ አንድ ቀን ፈጀሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩትና «እጅ አለሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ይህችም ትበቃኝ ነበር።

ወርክሾፑ ጉለሌ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ነው። ጋሽ ወልዴ የማሽን ክፍሉ ፎርማን ሲሆኑ፣ እኔ የክፍሉ ብቸኛ ሴት ነበርኩ። የተመደብኩት ፍሬዛ ላይ ነው። ፍሬዛ የምንለው ዛሬ ልጆቹ ሚሊንግ ማሽን የሚሉትን ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የታሰረን ብረት በሚሽከረከር መቁረጫ ይልጋል። የእኔው ግራጫና ከእኔ የሚረዝም ነበር። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ እሱን ነበር የማየው፤ ባልደረቦቼም «ባልሽ ደህና አደረ?» ይሉኝ ነበር።

እኔ የምሠራው የጉልበት ማጠፊያ ነው። በሰው ሠራሹ እግር ግራና ቀኝ የሚገባ ሲሆን ሁለት ብረቶች አሉት፤ አንደኛው መሐሉ የተቦረቦረ፣ ሌላኛው እዚያ ቦይ ውስጥ የሚገባ ምላስ። ቦዩ የፀጉር ያህል ከሰፋ ሰውየው በተራመደ ቁጥር ጉልበቱ ይንኳኳል። ከጠበበ ደግሞ አይታጠፍም። ስፋቱን የምለካበት ካሊብሮ ከእጄ አይለይም ነበር።

ጋሽ ወልዴ አንድ ሕግ ነበራቸው። ሥራውን ያሰረውን ብሎን እንደ ልብሽ ፍቺ፣ የማሽኑን ብሎን ግን እንዳትነኪ። የማሽኑ ራስ፣ ማለትም መቁረጫውን የሚይዘው ክፍል፣ ትንሽ ያዘመመ ሲመስለኝ እጠራቸዋለሁ። ከካፖርታቸው ኪስ መፍቻውን አውጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጎንበስ ብለው ያስተካክሉታል። ጀርባቸውን የሚሰጡኝ ብርሃን ፍለጋ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ፍሬዛ ላይ ሠርቼ አንድም ቀን የማሽኑን ብሎን አልፈታሁም። ይህንንም እንደ ክብር እቆጥረው ነበር።

ደንበኞቼን ሁሉ በፊታቸው አላስታውሳቸውም፤ እቴነሽን ግን አልረሳትም። ቀጨኔ ውስጥ ከእኔ ቤት ከፍ ብላ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነች። አንድ እግሯን በልጅነቷ ነው ያጣችው። አዲስ ማጠፊያ ሲገጠምላት ወርክሾፑን ከዳር እስከ ዳር ትሄድበታለች፤ ከዚያ ትቆምና «ይንኳኳል» ትለኛለች። እኔ ምንም አይሰማኝም። በካሊብሮ ስለካው ግን ሁልጊዜ እሷ ትክክል ናት። እንደሷ ጆሮ ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

በኋላ በካርቶን የታሸጉ ከውጭ የሚገቡ ጉልበቶች መጡ። አላማቸውም፤ ቀላል ናቸው፣ ወጣቶቹም ወደዷቸው። ፍሬዛው ሸራ ተደረበበት፣ ቀጥሎ ተሸጠ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። እቴነሽ አዲሱን ሞክራው መለሰችው። ሥራዋ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጦ እግርን ከሥር አጥፎ ነው፤ ድስቱንም የአበባ ማስቀመጫውንም ጭኗ ላይ ደግፋ ነው የምታስተካክለው። አዲሱ ጉልበት እስከዚያ አይታጠፍላትም።

አንድ ቀን ቤቴ መጣችና የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ማጠፊያውን አሳየችኝ። የሠራሁት የመጨረሻው ነው። ምላሱ ተበልቶ ጎን ለጎን ይወዛወዛል።

«እስከ ክረምት ያደርሰኛል?» አለችኝ።

ዋሽቼ «ያደርስሻል» ልላት ነበር። ጆሮዋ ትዝ አለኝና «አያደርስሽም» አልኳት።

«ታዲያ ሥሪልኝ።»

«በምን? ማሽን የለኝም እኮ!»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ተነሳች። ጉልበቷ እየተንኳኳ ስትወጣ እስከ አጥሩ ድረስ ሰማሁት።

ፍሬዛ ፍለጋ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት መርካቶ፣ አዳዲስ የጠረጴዛ ማሽን ወደሚሸጥ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ትሁት ወጣት ነበር። «እትዬ፣ ለልጅዎ ነው?» አለኝ።

«ለራሴ ነው። አስነሳው።»

ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያምር ነገር ነው። አስነሳልኝና አንድ እጄን ራሱ ላይ፣ አንድ እጄን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። ይህን ያየሁት ከጋሽ ወልዴ ነው። ሁለቱ እጆች የሚሰማቸው ንዝረት አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ራሱ ከጠረጴዛው ይልቅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የተሸከመው ምሰሶ ደካማ ነው፣ ብረት ሲነካ ይሸሻል። ቀዩ ማሽን የብርድ በሽተኛ ይመስል ራሱን ያንቀጠቅጥ ነበር። ለአሉሚኒየም ይሆናል። ለእቴነሽ ጉልበት አይሆንም።

ሁለተኛው ዊንጌት አካባቢ፣ ባለቤቱ ሥራውን ሊተው ዕቃ የሚሸጥበት ጋራዥ ውስጥ ነበር። ሳየው ልቤ ደነገጠ። የእኔው ፍሬዛ ታላቅ ወንድም! ያው ግራጫ፣ ያው ቁመት። መዘውሩን ወደፊት አዙሬ ወደኋላ መለስኩት፤ ጠረጴዛው ወዲያው ተከተለ፣ ባዶውን የሚሄድ ነገር የለውም። ሁለቱን እጆቼን አሳረፍኩ፤ እንደ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ዝም ያለ ነው። ባለጋራዡን «ለማንም እንዳትሸጠው» ብዬው ወጣሁ። ምኑንም አላሰብኩም። ሙያተኛ በማሽን ፍቅር ሲያዝ እንዲህ ይሆናል፤ የሚጋባው ከማሽኑ ጋር እንጂ ከቤቱ ጋር አይመስለውም።

ጋሽ ወልዴን ይዣቸው ተመለስኩ። ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እውነቱን ለመናገር የወሰድኳቸው ሊመርጡልኝ ሳይሆን እንዲያደንቁልኝ ነበር። ማሽኑን በእጃቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

«ጀግና ነው» አሉ። «ይኼ... እ... የሚሠራው በስሪ ፌዝ፣ በፋብሪካ መብራት ነው አይደል? ቤትሽ አለ?»

«ቤቴ ተራ መብራት ነው። ግን ስሪ ፌዝ እንዲገባልኝ አመለክታለሁ።»

«እሺ። መኪና እስከ በርሽ ይደርሳል?»

«አይደርስም። ደረጃ ነው።»

«ስንት ደረጃ?»

ለመመለስ አፈርኩ። ቀጨኔን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሬ የሚያህል ነገር ቀርቶ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይወጣበት መንገድ ነው።

ጋሽ ወልዴ ሳቁ። «ልጄ፣ አንቺ የመረጥሽው እኮ ወርክሾፑን ነው። እቴነሽ ደግሞ የምትፈልገው ማጠፊያ ነው» አሉና በግድግዳው ጥግ እጃቸውን እየሰደዱ ሄዱ። ጆንያ የተጣለበት ነገር ነኩ። ገለጥኩላቸው። ቁመቱ እስከ ወገቤ የሆነ፣ ጠንከር ያለ አሮጌ ፍሬዛ ነበር፤ በተራ መብራት ይሠራል። ባለጋራዡ አስነሳውና ሁለቱንም እጃቸውን አሳረፉበት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ አራት ቦታ ይከፈላል። መሠረቱ፣ ምሰሶው፣ ራሱ፣ ጠረጴዛው። እያንዳንዱን ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ ያወጣዋል። ፍቺው።»

«አሁን?»

«አዎ፣ እዚሁ። ሳትገዢው።»

«ጋሼ፣ እኔ ማሽን አልፈታም። የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ከኪሳቸው መፍቻውን አወጡ። ያንኑ መፍቻ! እጀታው ከመታሸት ብዛት ተወልውሏል። ባለጋራዡ ቆሞ እየሰማ እንዲህ አሉኝ፦

«የከለከልኩሽ ለማሽኑ ብዬ አልነበረም። በአንድ ወር ትችይው ነበር። አንቺ ከቻልሽው እኔ ለምን አስፈልጋለሁ? ፈርቼ ነው። ጀርባዬን እሰጥሽ የነበረውም እንዳታዪ ነው።»

ተናደድኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ክብር የያዝኩት ነገር ለካ የእሳቸው ፍርሃት ነበር። ትቻቸው ልወጣ አሰብኩ። ግን ደግሞ በዚያ ዕድሜ፣ በማያውቁት ሰው ፊት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው እንዲህ የሚሉ ስንት ሰዎች አሉ? እኔ አለቃ ብሆን ኖሮ እንደዚህ መናገር እችል ነበር? አልመሰለኝም። በሕይወቴ ጋሽ ወልዴን አብልጬ ያከበርኩበት ቀን ያ ነው።

መፍቻውን ተቀበልኩ። ባለጋራዡ «ፈትታችሁ ባትገዙትስ?» እያለ አጉረመረመ። ጋሽ ወልዴ ባዶ ጣሳ ላይ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን ብሎን ከመፍታቴ በፊት በጭረት ምልክት እያስደረጉኝ፣ ሦስት ሰዓት ፈጀን። ከዚያ መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ እንደገና ፈታሁት፣ ገዛሁትም።

ጫኝና አውራጆቹ አራቱን ቁራጭ በየተራ ሲያወጡ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ቆመ። አንዷ ጎረቤቴ «ሊጥ ማቡኪያ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ የብረት ሊጥ» አልኳት። እቴነሽ ከላይ ሆና ታይ ነበር።

ገጠምኩት፤ የመጀመሪያውንም ማጠፊያ ሠራሁ። እቴነሽ በግቢዬ ሁለት ጊዜ ተመላለሰችበትና ቆመች።

«ይንኳኳል።»

በካሊብሮ ስለካው ቦዩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሰፋ ይሄዳል። የማሽኑ ራስ አዘምሟል ማለት ነው። ልማዴን አልተውኩም፤ ለጋሽ ወልዴ ደወልኩ። «ይምጡልኝ፣ መኪና እልካለሁ» አልኳቸው።

«አልመጣም። ፍቺው» ብለው ዘጉት።

መርፌ ያለውን መለኪያ ራሱ ላይ አስሬ በእጄ ቀስ እያልኩ ጠረጴዛው ላይ አዞርኩት። መርፌው በግራና በቀኝ እኩል ካላሳየ ራሱ ቀጥ አላለም። እፈታለሁ፣ እለካለሁ፣ አስራለሁ። ሳስረው መልሶ ያዘማል። በሁለተኛው ቀን አለቀስኩ፤ ምን ልደብቃችሁ። በሦስተኛው ቀን ከሳልሳ ጣሳ ስስ ቆርቆሮ ቆርጬ በምሰሶው ሥር ከአንድ ወገን አስገባሁና አሰርኩት። መርፌው በግራም በቀኝም አንድ ቦታ ቆመ።

ሁለተኛውን ማጠፊያ ገጥማ እቴነሽ ከግቢ ወጣች። ደረጃውን እስከ ታች ወረደች፣ መልሳም ወጣች። በሬ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ሳታየኝ አልፋኝ ወደ ቤቷ ገባች። ተከትያት ስገባ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ከሥሯ አጥፋ፣ ጭቃ እየጠፈጠፈች ነበር።

«እ?» አልኳት።

«ምን እ ትይኛለሽ? ቢንኳኳ አልነግርሽም?» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ለቤታችሁ ፍሬዛ የምትመርጡ፣ ክብደቱን፣ የመዘውሩን ልልነትና ንዝረቱን እዩ። ከዚያ ሳትገዙት ፍቱትና መልሳችሁ ግጠሙት። መግጠም ካልቻላችሁ ገና የእናንተ አይደለም። የእኔ መፍቻ ከማሽኑ ጎን ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም ሰው ሊያነሳው ይችላል።