ድድ ውስጥ የሚኖረው ትል

ልጅ ሳለሁ፣ ጁባ ውስጥ ጉዴሌ በነበረው ግቢያችን፣ አፉን ያልፋቀ ልጅ ተረት አይሰማም ነበር። ይህን ሕግ ያወጡት የአባቴ አጎት አባባ ታደለ ናቸው። እራት ተበልቶ ሲያበቃ እኔና የጎረቤት ልጆች ከኒሙ ዛፍ የተቀነጠበች መፋቂያ እያኘክን ፊታቸው እንሰለፋለን፤ እሳቸውም የሶላር መብራቷን ወደ አፋችን አስጠግተው አንድ በአንድ ይመረምሩናል። የመንጋጋ ጥርሱን የዘለለ ተመልሶ ይፍቃል። «የፊት የፊቱንማ ዝንጀሮም ያሳያል» ይሉ ነበር።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነው። አባቴ ሃይ ማላካል በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ስለነበረው አምሽቶ ይገባል፤ እናቴ ሕፃኑን ወንድሜን ይዛ ቤት ትውላለች። አባባ ታደለ ወላጆቹ የሞቱበትን አባቴን ያሳደጉ ሰው ነበሩ፤ ሲያረጁ ጧሪ እንዳያጡ ብሎ ከጎጃም ድረስ አስመጣቸው። ከጁባ የሚያውቁት የግቢያችንን አጥርና የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ብቻ ነው። ማታ ግን ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማቸውን ስበው ሲቀመጡ፣ ጀኔሬተር ያለው ጎረቤት ሳይቀር ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ጥለውበት ወደኛ ይሮጡ ነበር። አማርኛ ለማይሰሙት እኔ በጁባ ዓረብኛ እየተረጎምኩ አሰማቸዋለሁ፤ በዚህም እኮራ ነበር። የወባ ትንኝ እንዳያስቸግረን እርጥብ የኒም ቅጠል ፍሙ ላይ ጣል ይደረጋል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ማንም ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

የተረቶቻቸው ነገር ዞሮ ዞሮ አፍ ውስጥ ይገባል። ጅብ ለምን ብቻውን ይዞራል? አፉን ስለማይፋቅ፣ ሽታው ከሩቅ ስለሚናገርበት። ጦጣ ለምን የዝሆንን ዙፋን አጣች? ማር ስትልስ እያደረች ጥርሷ አልቆ፣ የዘውዱ ቀን ንግግር ስታደርግ ሁሉም ስለሳቀባት። ሰባ ዓመት አልፏቸው አንድ ጥርስ ያልጎደላቸው ሰው ይህን ሲናገሩ ማን ይጠራጠራል? ጣፋጭ ሶዳ እንዳንጠጣ ከለከሉን፤ ሳይሰማ የጠጣው የጎረቤት ልጅ መንጋጋው ተቦርቡሮ ሲያለቅስ አየነው። እናቴ ስታረግዝ ድዷ ይደማ ነበር፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥመጪ አሏት፣ ቆመላት። አባቴን ያቺን ጥርስህን ቶሎ ታከም ብለውት፣ ሥራ በዛብኝ ሲል ፊቱ አብጦ በመጨረሻ ተነቀለች።

ትክክል ነበሩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሁልጊዜ የሚሳሳት ሰው ማንንም አይጎዳም፤ የሚሰማው የለማ።

ከሁሉም አብልጠን የምንወደው የትሉን ተረት ነበር። ድድ ውስጥ ስለሚኖር ነጭ ትል ነው። ትሉ ሕፃን ከመወለዱ በፊት ገብቶ ይተኛል። እናት ስታጠባ የመጀመሪያውን ጉንጭ የሚጠጣው እሱ ነው፤ እናት እሹሩሩ ስትል ዘፈኑን የሚሰማውም እሱ ነው። ሕፃኑ ይከሳል፣ ትሉ ይሰባል። ወተቱ አልበቃ ሲለው ወደ ሆድ ይወርድና አንጀት ያጥባል። በዚህ ጊዜ አባባ ታደለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከፍሙ ውስጥ መርፌ እንደሚያወጡ ሆነው በሁለት ጣት አየሩን ይይዙና «ብልሁ ሽማግሌ ግን ሰማው!» ይላሉ። ሁላችንም አፋችንን በእጃችን እንከድን ነበር። ስፈራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከእማዬ ክንድ ሥር ስለነበርኩ።

ተረት ብቻ መስሎን አልነበረም። አገር ቤት ግግ ይሉታል። የሕፃን ድድ አብጦ ነጭ ነጭ ሲል፣ ተቅማጥና ትኩሳት ሲከተል፣ ግግ ወጣበት ይባልና በመርፌ ተፈልፍሎ ይወጣል። አባቴንም በሕፃንነቱ ያወጡለት ራሳቸው አባባ ታደለ ናቸው። የአባቴ አፍ ውስጥ የታችኞቹ ሁለት የውሻ ጥርሶች ቦታ ባዶ ነው፤ ሌሎቹም ወደ ክፍተቱ ተጋድመው ነው ያደጉት። ሲስቅ በእጁ ይሸፍነዋል። በእኛ ቤት ግን ያ ባዶ ቦታ የመዳኑ ምልክት ነበር።

በፈረንጆቹ 2017፣ ዝናቡ የጉዴሌን መንገድ ጭቃ ባደረገበት ሰሞን፣ ወንድሜ ታመመ። ስድስት ወሩ ነበር። አስቀመጠው፣ አተኮሰው፣ ጡት እየያዘ ይለቃል። እናቴ ወዲያው በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ይዛው ሄደች፤ ክሊኒኩ ያለችው ነርስ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጥታ፣ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ አጠጪው፣ ካልተሻለው በነጋታው መልሽው አለቻት። እማዬ ስታጠጣው ዋለች። ግማሹን ይውጣል፣ ግማሹን ይተፋል። አመሻሹ ላይ ግን ተቅማጡ ቀነስ ብሎ ነበር፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

አባባ ታደለ ግን የሕፃኑን ከንፈር ገልጠው ድዱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ግግ ነው» አሉ። «ሁለቱም በኩል አብጧል። ውሃ ብታጠጪው ምን ይሆናል? ጠጪው ሌላ።»

«አባባ» አለች እናቴ፣ «አገር ቤት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንብቤያለሁ። ግግ ማስወጣት ጎጂ ነው ይላል።»

«ግድግዳ ልጅ አሳድጎ ያውቃል?» አሏት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር፤ እናቴ ቁጣን መመለስ ትችልበት ነበር።

የሕፃኑን ለቅሶ ሰምታ ጎረቤታችን ማማ ኪደን ገባች። የአገሩ ተወላጅ፣ የባሪ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ ከአባባ ታደለ ጋር በሰላምታ እንኳ አይግባቡም ነበር። እሷም የሕፃኑን አፍ አየችና ራሷን እየነቀነቀች «ሱኑን ታ ዱድ» አለች። የትል ጥርስ ማለቷ ነው። ለካ እነሱም ዘንድ አለ። ያለ እኔ ትርጉም አንዲት ቃል የማይለዋወጡ ሁለት ሰዎች፣ ያን ዕለት በሕፃን ድድ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በምልክት ብቻ ሙሉ በሙሉ ተግባቡ። እናቴ ከሁለት ሕዝብ ጋር ብቻዋን ልትከራከር አልቻለችም። ስልኳን አንስታ ምግብ ቤት ለነበረው አባቴ ደወለች። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኝ ነበር። «አባባ ያሉሽን አድርጊ። እኔ በምን ነው የቆምኩት?»

ስለ መርፌው ብዙ አልጽፍም። ፍሙ ውስጥ ገብቶ ወጣ፣ በነጠላ ጫፍ ተጠረገ። እማዬ እግሩን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማታ ልጆቹ ሲሰበሰቡ አባባ ታደለ መዳፋቸውን በመብራቷ ሥር ዘረጉልን። የኒም ቅጠል ላይ ሁለት ለስላሳ ነጭ ነገሮች፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ፣ ደም ነክቷቸው ተቀምጠዋል። «ይኸው ትሉ» አሉን። የተረታቸውን ነገር በእጃቸው ይዘው ያሳዩን ያን ዕለት ብቻ ነው። ልጆቹ እየተገፋፉ አዩ። እኔም አየሁ፤ ገረመኝ፤ ወንድሜም የዳነ መሰለኝ።

በማግስቱ ጡት መያዝ አቃተው። አፉ አበጠ፣ ገላው ጋለ፣ ማታውን ለቅሶው ራሱ ቀጠነ። ሆስፒታል ስንወስደው አባቴ መኪና ፍለጋ ሄዶ ስለነበር፣ ከእማዬ ጋር የገባሁት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩትም እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐኪሙ ወጣት የአገሩ ሰው ነው፤ የወንድሜን አፍ ከፍቶ አየ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ የሚግባባው አዋቂ ስላጣ፣ ለእኔ ተናገረ።

«ምን አለ?» አለችኝ እማዬ።

«መርፌው ደሙን መርዞታል አለ።»

«ሌላስ? ሌላም ብሏል።»

ብሏል። እማዬ ክንዴን ይዛ ነቀነቀችኝ።

«ትል አይደለም አለ፣ እማዬ። ጥርሱ ነበር አለ። ገና ያልበቀለ ጥርሱን ነው ያወጣችሁት አለ።»

እማዬ የወንድሜን ከንፈር በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዘጋች። ከዚያ የተናገረችው ስለ አባቴ ነበር፦ «እሱም አፍ ውስጥ የጎደለው...» ብላ ተወችው።

ወንድሜ ሁለት ሌሊት አደረ፤ ሦስተኛውን አላደረም።

ለቅሶው ላይ አባባ ታደለ ከፊት ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ «እግዜር ያጽናዎት» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «ምን ይደረግ፣ የሱ ፈቃድ ነው» ይላሉ። እንባቸው እውነተኛ ነበር። ይህን ባልጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን እውነተኛ ነበር። እኔ አባዬ ያልሰማውን የሐኪሙን ቃል ልንገረው ብዬ ስነሳ እማዬ ጓዳ ወስዳ በሩን ዘጋችብኝ።

«አባትሽ ሌላ ወላጅ የለውም» አለችኝ። «ይህን ከሰማ እሳቸውንም ራሱንም አይምርም። አንድ ቀብሬያለሁ፤ ሦስት አልቀብርም።»

ዝም አልኩ፤ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ እማዬን እወዳት ነበር። ግን አልገባኝም፤ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። አባዬ የእግዜር ቁጣ እንጂ የመርፌ ሥራ ሳይመስለው፣ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ በየትኛው ኃጢአቴ ነው እያለ ሲጠይቅ ኖረ። እማዬ ደግሞ ለአባባ ታደለ እራታቸውን ስታቀርብ እጃቸውን ታስታጥባለች፣ ከወገቧ ዝቅ ትላለች፣ በአክብሮቷ ላይ አንዲት እንከን አይገኝም። ፊታቸውን ግን ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችውም። እሳቸው ሐዘን ነው ብለው ተረዱት።

በቀጣዩ ዓመት ከጁባ ልንወጣ ስንል፣ አንድ ማታ ልጆቹ እንደገና ተሰብስበው ነበር። እኔ ከለቅሶው ወዲህ ወደ ምድጃው ቀርቤ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ሻንጣ ስናዘጋጅ የአባባ ታደለ ድምፅ ሰብሮ ገባ። አዲስ ተረት ነው። አንድ ሕፃን ነበር፣ ትል ይዞት፣ ብልሁ ሽማግሌ ትሉን አወጣለት። ሕፃኑም ሳቀ፣ ጠባ፣ ዳነ። ወላጆቹ ግን ችኩሎች ነበሩ። ነጭ ልብስ ወደሚለብሱት ወሰዱትና፣ እነሱ በመርፌያቸው ቢወጉት የዳነው ልጅ ሞተ። የጠላ ዕቃ እንዳይሰበር ስትጠቀልል የነበረችው እማዬ እጇ ቆመ። እየሰማች ነው። ጠበቅኋት። መጠቅለሏን ቀጠለች።

ወጣሁና ከልጆቹ በላይ ቆምኩ። ጭሱ እንደ ድሮው ነው። አባባ ታደለ ቀና ብለው ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ልሰማ የመጣሁ መሰላቸው።

«ትል አልነበረም» አልኩ። «ጥርሱ ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል። ወንድሜ እኮ ነው። ጥርሱ ነበር!»

መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥዬ በዓረብኛ አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰሙኝ። አባባ ታደለ እንደ ታመመ ልጅ በሐዘኔታ አዩኝ። የመለሰችልኝ ከፊታቸው የተቀመጠች፣ ሰባት ዓመት የማይሞላት የማማ ኪደን የልጅ ልጅ ናት። አፏን በእጇ እንደከደነች ነበር፤ ገለጥ አደረገችና በቁጣ አየችኝ።

«ኡስኩት! ዝም በይ እንጂ፣ እንስማበት!»

ከጁባ ከወጣን በኋላ ስለ ትልና ስለ ጥርስ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ የሚያምነኝም የማያምነኝም አለ። ከዚያ ሁሉ ተረት ውስጥ ከኔ ጋር የቀረው ግን የዚያች ልጅ ቁጣ ነው። ልቀየማት ብዙ ሞክሬያለሁ። አልቻልኩም። ተረቱ ግሩም ነበር፣ ሽማግሌው ይወዱን ነበር፣ እሳቱም ይሞቅ ነበር፤ እኔም በእሷ ቦታ ተቀምጬ ቢሆን ያንኑ እል ነበር።