ጠባዩን ያልነገርኩት ጠመንጃ

ኮረብታውን እንድንይዝ ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነበር። ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ከግርጌው ተነስተን፣ ፀሐይ ሳትሞቅ ጫፉ ላይ መገኘት አለባችሁ ተባልን። ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ ካርታ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ድንጋያማ ነው፣ መጠለያ የሚሆን ዛፍ የለውም፣ ከላይ መትረየስ ተጠምዶበታል። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ የካ፣ ከእንጦጦ ስር ስለሆነ ዳገት ብዙም አያስፈራኝም። የዚያን ቀን ሰላም የነሳኝ ትከሻዬ ላይ የነበረው አዲስ ጠመንጃ ነው።

ልጆቼ ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ስለ ብርዱ፣ ስለ ውሃ ጥሙና ስለ ቅማሉ ስነግራቸው ኖሬያለሁ። ይህን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ እንድናገር ያደረገኝ ጎረቤቴ ደረጀ ነው። ደረጀ ከቤታችን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚያልቅበት ሜዳ ላይ ላሞች ያረባል። ወተቱን በየማለዳው በደጄ እያለፈ መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ላሉ ደንበኞቹ ያደርሳል። ባለፈው ክረምት ጅብ ሁለት ጥጃ ስለበላበት ተመላልሶ የጠመንጃ ፈቃድ አወጣ። የሚሸጡለት ሁለት ሰዎች አገኘ፤ የአንደኛው ጠመንጃ አዲስ ነው፣ የሌላኛው ያገለገለ።

«ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ ወታደር ነበሩ። የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ።

«ያገለገለው የማን ነው?»

«የአንድ ጡረተኛ። ሰደፉ ተፋፍቋል። ሰውየው ራሳቸው ‹ዝናብ ሲነካው ቶሎ ይዝጋል፣ ዘይት አትንፈገው› ብለውኛል።»

«የአዲሱስ ባለቤት ምን አለህ?»

«ምንም። አዲስ ነው አለኝ።»

«እንግዲያው አሮጌውን ውሰድ።»

አልሰማኝም። የአዲሱ ብረት ማብረቅረቅ ልቡን ወሰደው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ጠመንጃው ሲሞከር ደጋግሞ ነክሶበታል፤ ጥይቱ መሃል ላይ ተቀርቅሮ አልወጣም አልገባም ይላል።

«ምነው አሮጌውን በወሰድኩ! ከገዛሁት ጀምሮ እህል አይበላልኝም» አለ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«የአጎቴ ልጅም ከብት አለው፣ ፈቃድም አውጥቷል። ለእሱ ልለቅለት ነው። እሱ እንደሆነ አዲስ ነገር ይወዳል።»

«መንከሱን ነግረኸዋል?»

ደረጀ ሳቀ። «ጋሽ ወርቁ ደግሞ! ይሄ ይነገራል እንዴ?»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ግቢዬ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል እሱ የወተት ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ያየኛል።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«ኧረ ወተቱ ይበላሻል።»

«ይበላሽ!» ብዬ ጮኽኩበት። ጮኼበት ስለማላውቅ ደንግጦ ተቀመጠ። ከዚያ ይህን ነገርኩት።

የእኛ ጓድ፣ አብራ የምትዘምተው አነስተኛ ክፍላችን፣ አስራ አንድ ሰው ነበር። መሪያችን ሃምሳ አለቃ ገመቹ ብዙ የማይናገር፣ የተናገረውንም የማይደግም ሰው ነው። የልብ ጓደኛዬ ታምራት ነበር፤ የሾላ ልጅ። እናቱ ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጡ ነበርና እሱም ጆንያ ሲሸከም ስላደገ ትከሻው የበር ያህል ነው። በዚያ ሁሉ ሰራዊት መሃል የሰፈሬን ስም ሰምቶ «የካ? ጎረቤቴ ነህ በለኛ!» ያለኝ ዕለት ተዛመድን።

በጓዱ ውስጥ አንድ ልማድ ነበረን። ጠመንጃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሰጪው ጠባዩን ይናገራል። ሁለቱ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ጠመንጃውን በመሃላቸው ካፖርት ላይ ያስተኙታል፣ ሰጪው የሚያውቀውን ሁሉ ያወራል። ወደ የት እንደሚስት፣ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚያስኮርፈው። ተቀባዩ መርምሮ አያረጋግጥም፤ ቃል ይበቃዋል። ከእኛ መሃል በዚህ የዋሸ ሰው ነበር ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ከግምጃ ቤት ሦስት አዲስ ክላሾች ከነሳጥናቸው መጡልን። ሃምሳ አለቃ ገመቹ በአገልግሎት የምንበልጠው እንድንመርጥ አደረገ። የኔዋ አሮጌ ከእኔ በፊት በሦስት ሰው እጅ ያለፈች ናት። ሰደፏ ባንድ ወገን እሳት ልሶታል፣ ስንጥቁ በሽቦ ታስሯል። በዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አሳፍራኝ አታውቅም። ነገር ግን ሳጥኑ ሲከፈትና ያ ጥቁር ብረት በግራሶ ተለውሶ ብቅ ሲል ዓይኔ ተንከራተተ። አዲሱን መረጥኩ። አሮጌዋ ለታምራት ደረሰች፤ የራሱ በፍንጣሪ ተመትቶ ተመላሽ ሆኖ ነበርና።

እንደ ልማዳችን ካፖርቴን አነጠፍኩ። «ትንሽ ወደ ግራ ትሄዳለች» አልኩት። «ካዝናዋን ስታስገባ ከታች መታ አድርጋት። ሌላ አመል የላትም።»

አዲሱን በነጭ ጋዝ ሁለት ቀን አጠብኩት። ሳምንቱን ሙሉ እያገላበጥኩ ስኩራራበት ሰነበትኩ። በስምንተኛው ቀን ማለዳ፣ ጥበቃ ላይ ሆኜ ብፈትሸው ነከሰ። ግራሶው ነው ብዬ እንደገና አጠብኩት። ትንሽ ቆይቶ በአንድ አጭር የተኩስ ልውውጥ ላይ፣ አሁንም በማለዳ ብርድ፣ ሁለት ጊዜ ነከሰብኝ። ቀን ላይ ሲሞቅ እንከን አልነበረውም። ለሃምሳ አለቃው መንገር ነበረብኝ። ግን ያን ያህል ከተኩራራሁ በኋላ «አልሆነልኝም» ማለት አሳፈረኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ታምራት አሮጌዋን ዘይት ሲቀባ ካየሁ ዓይኔን ከእሷ መንቀል ያቅተኛል። ጓዶቹ ነቁብኝ። «ወርቁ፣ የፈታሃትን ሚስት ምን ሁኚ ብለህ ነው እንዲህ የምታያት?» ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ። ውስጤ ግን ይቃጠል ነበር።

እንግዲህ የማለዳው ትእዛዝ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ማለዳ የሚለውን ቃል እንደሰማሁ እግሬ ወደ ታምራት ወሰደኝ።

«ታምራት፣ አዲሱን ውሰደውና የኔን መልስልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው? አዲስ ጠላህ?»

«እሷን ለምጃታለሁ።»

«እኔም እየለመድኳት ነበር። ግን አዲስ ማን ይጠላል!» አለና ተያይዘን ወደ ሃምሳ አለቃ ገመቹ ሄድን።

ሃምሳ አለቃው ተራ በተራ አየን። «ከተስማማችሁ ተቀያየሩ። ጠባያቸውን ተነጋገሩ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ታምራት ካፖርቱን አነጠፈ። ቀድሞ እሱ ተናገረ። «ያው የምታውቃት ናት። ከእኔ እጅ ከገባች ወዲህ ሽቦዋ ትንሽ ላልቷል፤ መዳፍህን እንዳይቧጭርህ።» ለመቧጨር እንኳ ተጨንቆልኝ ነው። ከዚያ እጁን አዲሱ ላይ አሳረፈና «ያንተስ ጠባዩ እንዴት ነው?» አለኝ።

መናገር እችል ነበር። በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ ፀሐይዋም ገና አልጠለቀችም። ከነገርኩት ግን እንደማይቀይረኝ አውቃለሁ።

«አዲስ እኮ ነው። ምን ጠባይ ይኖረዋል?» አልኩት።

«እውነትህን ነው» ብሎ ሳቀ። ከኪሱ በወረቀት የጠቀለላትን ስኳር አውጥቶ፣ ያቺ የሳምንት ድርሻው ነበረች፣ ግማሹን በመዳፌ ገለበጠልኝ። ስለ ውለታዬ መሆኑ ነው። ላስኩት። ምራቄ እስኪመር ድረስ ራሴን ጠላሁ፤ ቢሆንም አልተናገርኩም።

ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ጠላቶቹ አላዩንም። ከዚያ መትረየሱ ጀመረ። ተበታተንን፣ ተኛን፣ እየተሳብን ወጣን። ከመካከላችን ከበደ መጀመሪያ ወደቀ። ኑረዲን ሊያነሳው ሲጎነበስ ተመታ። «ወደ ድንጋዩ! ወደ ድንጋዩ!» ይላል ሃምሳ አለቃው። ታምራት ከእኔ በስተቀኝ፣ አስራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ነበር። ሁለት ጥይት ሲተኩስ ሰማሁ። ሦስተኛው አልተሰማም።

«ነከሰኝ!» ብሎ ጮኸ።

ዞርኩ። ተንበርክኮ ያንን ብረት ወደ ኋላ ይጎትታል። ጠመንጃው እሺ አላለውም። «ተኛ! ታምራት፣ ተኛ!» አልኩ። መስማቱን አላውቅም። ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ በጎኑ ተኛ። እኛ ወደ ላይ ቀጠልን። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝን። ሐጎስ ጫፉ ላይ፣ ተኩሱ ሊቆም ሲል ሞተ።

አሮጌዋ ያን ጠዋት አንድ ጊዜ እንኳ ሳትነክስ ተኮሰች። ጓዶቹ ትከሻዬን እየመቱ «ይቺ አሮጌ ባትኖር ኖሮ አልቀን ነበር» አሉኝ። ወርጄ ታምራትን አገኘሁት። ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው፤ ጥይቱ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ተቀርቅሯል። ሃምሳ አለቃ ገመቹ አጠገቤ መጥቶ አየው።

«ይሄ መንከስ የጀመረው መቼ ነው?» አለኝ።

«ዛሬ» አልኩት።

ታሪኩን ስጨርስ ደረጀ ወተቱን ረስቶታል። «ታምራት እህት ወንድም የለውም?» አለኝ።

«ታናሽ እህት አለችው። አስካለ ትባላለች። በእናታቸው ቦታ ሾላ ቅመም ትሸጣለች።»

«ይህን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ እኔን ‹ለአጎትህ ልጅ ንገር› የሚሉኝ እንዴት አድርገው ነው?»

ለማዋረድ አይደለም የተናገረው፤ በቅንነት ነው የጠየቀኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ቁጭ ማለት ስላቃተኝ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ ሽቅብ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ታክሲውን፣ ሰዉን፣ ከተማውን ከላይ ሆኜ ሳይ አንድ ነገር ብቻ ይታየኝ ነበር። በየዓመቱ በታምራት ሙት ዓመት ከአስካለ ቤት እበላለሁ። እሷ «የወንድሜ ጓደኛ» እያለች ከሰው ሁሉ አስቀድማ እጄን ታስታጥበኛለች። ሲሞት እንዴት ነበር ብላ በጠየቀችኝ ቁጥር «አልተሰቃየም» እላታለሁ። ያ እውነት ነው። የቀረውን ግን ውጬዋለሁ።

በማግስቱ በጠዋት ሾላ ወረድኩ። አስካለ ጥቁር አዝሙድ ስትነፋ ደረስኩ። ስታየኝ ወንበር ልትስብልኝ ተነሳች። «አልቀመጥም፤ ቆሜ ልናገር» አልኳት። ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ጥያቄው፣ ስለ መልሴ፣ ለሃምሳ አለቃው ስለዋሸሁት ሁለተኛ ውሸት፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ባይነክስበትም ሊሞት ይችል እንደነበር ልነግራት አሰብኩ። ለራሴ ስለው የኖርኩት ነው፤ ጠቅሞኝ አያውቅም። ተውኩት።

አላለቀሰችም። ወንፊቱን አስቀመጠች፣ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። ሁለት ደንበኞች ሲመጡ «ዛሬ አልሸጥም» አለቻቸው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ሻማ ባበራሁ ቁጥር ያንን የተኮሰውን ሰው ስረግም ኖርኩ። ስሙን አላውቅ፣ መልኩን አላውቅ፤ ለመርገም ይመቻል። አሁን አንተን እንዴት አድርጌ ልርገምህ? ቤቴ ገብተህ በልተሃል።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጇን አንስታ ከለከለችኝ። «ዛሬ ሂድ። ስፈልግህ እጠራሃለሁ።»

ይሄው ሁለት ወር ሊሆነው ነው፤ አልጠራችኝም። ስልኬ ሲጮህ ብድግ እላለሁ። አንዳንዴ ደረጀ ነው። ለአጎቱ ልጅ እውነቱን ነገረውና ሰውየው አልወስድም አለው፤ ጠመንጃውን ባለሙያ ዘንድ ወስዶ እያሳየ ነው። ስሙን ስልኩ ላይ ሳይ አላነሳውም ባልልም ቶሎ እዘጋበታለሁ፤ መስመሩ ክፍት እንዲሆን ነው።

ያን ጠዋት አስራ አንድ ሆነን ወጣን፣ ሰባት ሆነን ወረድን። የቀሩትን በስም እቆጥራቸዋለሁ። ከበደ፣ ኑረዲን፣ ሐጎስ። እነዚህን ሦስቱን ጦርነት ወሰዳቸው ብል ያሳዝነኛል እንጂ አያሳፍረኝም። ታምራትን ከእነሱ ጋር ልቁጠረው ወይስ ለብቻው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።