በር ያልነበራት ባለ ሦስት እግር መኪና

የልጄ ባል ኢድሪስ ከሥራ ሲመለስ ልብሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸተው ቀለምና የብረት ብናኝ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ግን እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ተዓውን ያለው ቤታችን በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ሌላ ሽታ ይዞ ገባ፤ ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር ተደባልቆ ሲቃጠል የሚተወውን፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ትንሽ ደግሞ የሚያስነጥስ ሽታ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩና ዛሬ ቤንዚንና ዘይት አንድ ላይ የምትጠጣ ሞተር ነክተሃል አልኩት።

«እማማ፣ ይህን ደግሞ ከየት አመጡት?» አለ ቆሞ እያየኝ። «ዋላሂ፣ እውነትዎን ነው። ከእንግሊዝ አገር በመርከብ የመጣች ሦስት እግር ያላት መኪና አለች። አሻንጉሊት ነው የምትመስለው።»

አሻንጉሊት አይደለችም አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት አብሬህ እሄዳለሁ ስለው ልጄ ራህመት ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ፤ ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ በሊፍት ወርጄ ደጅ መውጣት እንደማልወድ ታውቃለችና።

ኢድሪስ የሚሠራው አል ቁዝ በሚባል ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ መሃል ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው። ባለቤቱ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ናቸው፤ በየአገሩ ተጥሎ የተገኘውን ያስመጡና ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደነበረ አድርገው ያሳድሱታል። ሥራውን የሚመራው ሁሉም ኡስታድ የሚለው ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ነው። እኔ ስደርስ ኡስታድ ከአንዲት ትንሽ መኪና ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሯን ለመዝጋት ይታገላል፤ በሩ እየነጠረ ይመለስበታል። ዓጅማን በሰው ቤት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ዓረብኛው አይጠፋኝም፤ ኢድሪስን እንዲህ ይለው ነበር።

«ይህች የመጀመሪያው ሞዴል ነች። የመጀመሪያው ሞዴል በር የለውም። አንድ አህያ በመቁረጫ ቀዶ በር አበጀላት፤ ወገቧንም ሰበራት። ሙሽኪላ፣ ችግር ነው። ከምሳ በኋላ በሩን እንበይደዋለን፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ኢድሪስ እኔን አስተዋወቀው። ኡስታድ ተነሥቶ በርጩማውን ለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። መኪናዋ ከፊት አንዲት ጎማ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ፣ እንደ ጀልባ የሾለ አፍንጫ አላት። ቀለሟ ተልጦ አሉሚኒየሙ ይታያል። ከሹፌሩ በስተግራ ደግሞ ያ በር አለ፤ ጠርዙ ትንሽ ጠመም ያለ፣ በእጅ የተቆረጠ።

የኛዋም በር በስተግራ ነበር።

ደሴ ውስጥ፣ ሙጋድ ከሚባለው ሰፈር ዳገት ላይ ነው ያደግሁት። አባቴ ሰይድ ፒያሳ ላይ ትንሽ ሱቅ የነበረው ሰዓት አዳሽ ነበር። መኪናዋን ያገኛት አንድ እንግሊዛዊ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ሲሆን፣ ሰውዬው ለምን ለአባቴ እንደተዋት እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም፤ ሰዓቱን እየደጋገመ ስለሚያድስለት ይመስለኛል። ከተማው በሙሉ «የሰይድ ዱካ» አላት፤ ዱካ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ነውና። ሞተሯ ከፊተኛዋ ጎማ በላይ ተቀምጦ ከጎማዋ ጋር አብሮ ይዞራል። የኋላ ማርሽ የላትም። አባቴ መንገድ ዘግቶበት መመለስ ሲያስፈልገው ይወርድና ጭራዋን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ግትር ፍየል እንደሚያዞር ሰው ያዞራታል፤ ይህን ለማየት ልጆች ከሩቅ ሰፈር ይመጡ ነበር። በርም የላትም፤ የሚገባባት ሰው የጎኗን ግድግዳ በእግሩ ተሻግሮ ነው የሚገባው። ለአባቴና ለእኛ ለልጆቹ ይህ ችግር አልነበረም፤ እንዲያውም ዘልሎ መግባቱ ነበር የሚያስደስተን።

«ጋሽ ሰይድ፣ አራተኛው እግር በፖስታ ነው የሚመጣው?» ይሉታል ፒያሳ ላይ ቁጭ ብለው የሚውሉ ጓደኞቹ።

«መጥቶ ነበር፤ ፖስተኛው ከበደኝ ብሎ መለሰው» ይላቸዋል።

በፖስታ የሚመጣ ነገር ግን በእርግጥ ነበረ። አስተማሪው አገሩ ከገባ በኋላም አልረሳንም፤ ፋብሪካው ሞዴሏን በለወጠ ቁጥር ባለ ሥዕሉን የማስታወቂያ ወረቀት ይልካል። ወረቀቱ ሲደርስ አባቴ ሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጥፈውና፣ የሰዓት ማያ መነጽሩን ሳያወልቅ አፍጥጦ ያየዋል። የሁለተኛው ሞዴል የኋላ ጎማዎች ከሥራቸው ሞላ ነበራቸው፤ የኛዋ ግን ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ጥርሳችንን ታጋጨን ነበር። አባቴ አዲስ ሞዴል መግዛት የሚችል ሰው ስላልነበር የራሱን ወደ አዲሱ ሊቀይራት ተነሣ። ከተሰበረ ጋሪ ሞላ ፈትቶ አስገባላት። አዲሱ ከፊት እውነተኛ መስታወት አለው፤ የኛዋ በጊዜ ብዛት የደበዘዘ ፕላስቲክ ነው። አባቴም ከሱቁ የሰዓት መደርደሪያ መስታወቱን አውጥቶ ገጠመላት፤ ሰዓቶቹ ያን ክረምት አቧራ ሲጠጡ ከረሙ። እንግሊዝ አገር ፋብሪካ አንድ ነገር በለወጠ ቁጥር ደሴ ውስጥም አንድ ነገር ይለወጥ ነበር፤ ትንሽ ዘግይቶ፣ ትንሽም ጠመም ብሎ።

እናቴ ዘይነብ ግን አንድም ቀን አልተሳፈረችባትም። መኪናዋ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ክረምት ጭቃ አንሸራትቷት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ አሸው፣ አጥንቱም ገጠመ፤ እግሯ ግን እንደ በትር ደርቆ ቀረ። ሜዳ ላይ ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ የሙጋድን ዳገት መውጣትና መውረድ ግን አልቻለችም። ከዚያ በፊት በሰፈሩ ሰርግና ለቅሶ እሷ ሳትደርስ አይቆምም የሚባልላት ሴት ነበረች። አሁን ከግቢው በር ወዲህ ቀረች። ሰርግ ሲሆን ምርቃት፣ ለቅሶ ሲሆን ምግብ በእኔ ትልካለች። አባቴ አንድ ቀን ሊያሳፍራት ብሎ ከመኪናዋ ጎን እውነተኛ ዱካ አስቀመጠላት፤ በዱካው ላይ ቆማ ግድግዳውን እንድትሻገር። ጎረቤቱ ወሬው ደርሶት በየአጥሩ ብቅ ብሏል። እናቴ ዱካውን አየች፣ አጥሩንም አየች። «ሰው ፊት እግሬን አላነሣም» ብላ ተመለሰች።

በዚያው ሰሞን የእናቴ የልብ ጓደኛ የእትዬ አስካለ ባል ሞቱ። እትዬ አስካለ የሚኖሩት ከታች፣ ሳላይሽ ሰፈር ነው፤ በልጅነታቸው አንድ ቦታ ውሃ ሲቀዱ የተዋወቁ ናቸው፤ አንዷ ክርስቲያን አንዷ እስላም፣ በየበዓሉ የማይለያዩ። እናቴ ምግብ አስይዛ እኔን ላከችኝ። እትዬ አስካለ ተቀበሉኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ስወጣ ግን እንዲህ አሉኝ።

«እናትሽ የሰበረችው እግሯን ብቻ መስሎኝ ነበር።»

የተባልኩትን እንደተባልኩ ለእናቴ ነገርኳት። ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። እኛ ዘንድ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምክንያቱ ምንም ቢሆን አልደረሰም ነው፤ እግርን የሚተካ ምግብ የለም። ሁለቱ ሴቶች ወሩን ሙሉ መልእክት እንኳን አልተላላኩም።

የሦስተኛው ሞዴል ወረቀት የመጣው ያኔ ነው። አባቴ ለእኛ ለልጆቹ ሊያሳየን ቤት ይዞት መጣ። የአዲሷ የፊት ጎማ ከዳር እስከ ዳር ስለምትዞር ባለችበት ቆማ ፊቷን ታዞራለች፤ ጭራ ማንሣት ቀረ። ከፊት በግራና በቀኝ ጉንጭ የሚመስል ነገር አውጥታለች። አባቴ ስለ ጎማዋ ሲያስረዳን እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር፤ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ሥዕሉን አየችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

«ይኸኛው በር አለው» አለች።

ያለችው ይኼንኑ ብቻ ነው። አባቴ ማስረዳቱን አቆመ። በማግስቱ ቆርቆሮ ሠሪው አቶ ታደሰ መቀሱንና መዶሻውን ይዞ ግቢያችን መጣ፤ መኪናዋን ዞሮ አየ፣ ሥሯ ገብቶ አንኳኳ፣ ወጥቶም ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይህች እኮ አጥንት የላትም። አቁሞ የያዛት ቆዳዋ ነው። ጎኗን ከቀደድኩት እንደ እርጥብ ካርቶን ትታጠፋለች።»

«ቅደደው» አለ አባቴ።

«ሞላ አስገባህላት፣ መስታወት ሰጠሃት፣ ይህን ሁሉ ደክመህባት! ዓመት አትቆይልህም።»

«ታዴ፣ ቅደደው አልኩህ።»

አቶ ታደሰ ቀደደው። ጨዋ ሰው ስለነበር ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ እናቴ ግን በመስኮት ታይ ነበር። አባቴ ከአሮጌ የብረት አልጋ ጎን ቆርጦ ወገቧን እንዲደግፍ ከሥሯ አሠረላት። በሩ የቁም ሣጥን ማጠፊያና የቁም ሣጥን እጀታ ነበረው። መኪናዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲገባባት መሃሏ ትንሽ ይሰምጣል፤ ስለዚህም በሩ እንዲገጥም መጀመሪያ ወደ ላይ ማንሣት፣ ከዚያ መግፋት ያስፈልጋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ይህን ተማረ።

እናቴ የኢድ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ጎረቤቱ እንደገና አጥር ላይ ነው። እሷ ግን በሩን ራሷ ከፈተች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ አለች፤ የደረቀ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ አስገባችው፤ በሩን አነሣ አድርጋ ዘጋችው። አባቴ ወዴት ብሎ አልጠየቃትም። እኔ ከኋላ ባለችው የዕቃ ቦታ ተሸጉጬ ነበር፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ የሚጋጨው አየርና ያ የቤንዚንና የዘይት ጢስ ፊቴ ላይ ይመጣል። እናቴ ግራና ቀኙን ታያለች፤ አዲስ የተሠራ ቤት፣ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ፣ ከርቀት ጦሳ ተራራን። ለሚያውቋት ሁሉ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች።

እትዬ አስካለ ጢሱንና ድምፁን ሰምተው ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ከደጃፋቸው ቆመው ጠበቁን። እናቴ በሩን ከፍታ እግሯን አወጣች፣ ተደግፋ ተነሣች። ሁለቱ ትንሽ ተያዩ።

«ለቅሶ ቤት ዱካ ይጠፋል ብለሽ ነው የራስሽን ይዘሽ የመጣሽው?» አሉ እትዬ አስካለ።

እናቴ ሳቀች፤ ከሳቀች ሰንብታ ነበር። ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እንደ ደንቡ ጮክ ብለው፣ ረጅም። አባቴ መኪናዋን ወደ ቤት አቅጣጫ ለማዞር ጭራዋን አነሣ፤ ሰው ሊያየው የማይገባ ነገር ያለ ይመስል ጀርባውን አዙሮ ቆየ። ስንመለስ መኪናዋ ዳገቱን ሦስታችንን ይዛ መውጣት አቃታት። እኔና አባቴ ወረድን፤ የሰፈር ሰው ተሰብስቦ ገፋ፣ አቶ ታደሰም ከሱቁ ወጥቶ ገፋ። እናቴ ብቻ አልወረደችም፤ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፊት ለፊት ታይ ነበር።

ያን በጋ ያልደረሰችበት ለቅሶ፣ ያልጠየቀችው በሽተኛ የለም። አቶ ታደሰም አልተሳሳተም፤ ክረምቱ ሲገባ የመኪናዋ መሃል ጨርሶ ሰመጠ፤ አንድ ጠዋት ግቢው በር ላይ እንደ መጽሐፍ ታጥፋ ቀረች። ወረቀቶቹ ከዚያም በኋላ ይመጡ ነበር፤ ሁለት በር ያላት መጣች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት መጣች፣ ከኋላ ለልጆች መቀመጫ ያላት መጣች፤ በኋላ ደግሞ ወረቀቱም ቀረ። አባቴ ሁሉንም እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ አዲስ ነገር ሊያስገባላት ግን አልሞከረም። አሉሚኒየሟን ለአቶ ታደሰ ሰጠው፤ አቶ ታደሰም ለእናቴ የድስት ክዳን ሠራላት፤ እስክትሞት ትከድንበት ነበር። እሷም፣ አባቴም፣ እትዬ አስካለም አሁን የሉም። ክዳኑን እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ እህቴ ጋ ተውኩት፤ ከዚያ የት እንደገባ አላውቅም።

አል ቁዝ ያለችው መኪና የኛ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ወገቧን የደገፈው የአልጋ ብረት አይደለም፤ እጀታዋም የቁም ሣጥን አይደለም። በሌላ አገር፣ ሌላ ሰው፣ ለሌላ ሰው ብሎ ቀዷታል። ኡስታድ ትክክል ነው፤ ፋብሪካው በር አልሠራላትም፤ ባለቤቱም የሚፈልጉት የፋብሪካውን ነው። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ዓረብኛዬ ይበቃ ነበር፤ አልሞከርኩም። ሥራቸው ነው።

ምሳቸውን በልተው ኢድሪስ የብየዳውን መነጽር ሲያነሣ ብቻ፣ በሩ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ልቀመጥባት አልኩ። ኡስታድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ያላ ማማ፣ ተፈደሊ ብሎ ጋበዘኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ አስገባሁት። የመኪናዋ መሃል ትንሽ ሰመጠ። ከመጋዘኑ ደጅ ፀሐይና የጭነት መኪናዎች ይታያሉ፤ ጦሳ የለም፣ ለማን አንገቴን ዝቅ እንደማደርግም አላውቅም።

ኡስታድ ከጠዋት ጀምሮ የታገለውን በር እኔ አነሣ አድርጌ ገፋሁት። ቀጭ ብሎ ገጠመ። ሽማግሌው በሩን አየ፣ እኔን አየ። ኢድሪስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ቆሞ፣ እስክወርድ ጠበቀኝ።