ኪኒንና ሚዜው ጅብ

እመብርሃንን! የምነግራችሁን አታምኑኝም። ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን መተማን በያዘበት ዘመን፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ሱዳን ይገባ ነበር። የወባ ንዳድ እየተመላለሰ ጣፊያዬን ስላሳበጠው፣ እግሬ ገና መተማ ሳለ እምብርቴ ገላባት ደርሶ ሰላምታ ይቀበላል። የድንበሩ ዘበኛ እንኳ አንድ ቀን ሆዴን ለብቻው፣ እኔን ለብቻዬ ፈትሾ አሳልፎናል። እናንተ ሳቁ፤ እናቴ ግን አትስቅም ነበር። ታላቄን ያው ንዳድ ወስዶባታል፤ እኔን አዝላ ስትሄድ ትንፋሼን ለመስማት ጆሮዋ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው።

ያኔ ገላባት ውስጥ ባባ እድሪስ የሚባሉ ሱዳናዊ የሐኪም ቤት አስታማሚ ነበሩ። በገበያ ቀን አዋቂውን በሽተኛ ሁሉ ሸኝተው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እኛን ሆደ ትልልቆቹን ብቻ ይቀበላሉ። ከወዲያም ከወዲህም የመጣን፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ፣ በማሽላ አገዳ በተሠራ ዳስ ውስጥ መርፌ የተቀቀለበትን ፍም ከበን እንቀመጣለን፤ ፋኖሱ የሆዳችንን ጥላ አገዳው ላይ ሲጥለው የተራራ ሰንሰለት ይመስላል። በየተራ ይዳስሱንና ጣፊያችን እስከየት እንደወረደ በከሰል ሆዳችን ላይ ያሰምራሉ። እናቴ መስመሩ እንዳይጠፋ ብላ እስከሚመጣው ገበያ ሆዴን አታጥበኝም፤ ጠዋት ጠዋት እያየች ትሰጋለች።

ጭንቁ ኪኒኑ ነበር። አንዴ የተፋሁትን የላሰች ፍየል እስክትሞት ፊቷን እንዳጨማደደች ቀረች። ባባ እድሪስ ግን ዘዴ አላቸው። ሚዜ መስሎ ሰርግ ቤት ስለገባ ጅብ ይተርኩልናል፤ ጅቡ ጭራውን በጋቢ ሸፍኖ ከሙሽራው ጎን ተቀምጧል፤ ልክ የሰርግ ቤቱ ውሻ መጥቶ ጋቢውን ሲጎትት፣ ዝም!

«ባባ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዋጡ! አንዳችሁ ካልዋጣችሁ ጅቡ እንደተጎለተ ያድራል።»

እምቢ ያለውን አፍንጫውን ይዘን እናስውጠዋለን። ከዋጥን ትንሽ ይጨምሩና ሌላ ጣጣ ላይ ያቆሙታል፤ የቀረው ለሚመጣው ገበያ ነው። ጅቡ ያመልጠናል ብለን አንድም ገበያ ቀርተን አናውቅም። እናቶቻችን ከዳሱ ውጭ ጀርባቸውን ሰጥተው ይጠብቃሉ፤ የእኔይቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ከንፈሯ በጸሎት እየተንቀሳቀሰ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሽሮፕ አንወስድም ሲሉ፣ እኔም ተረቱ መሃል ላይ ዝም እላለሁ። ጥርሴ ቢያልቅም ሆዴ በልኩ ነው፤ የፍም ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ባባ እድሪስን በእሳቸውም በእኔም ሃይማኖት እመርቃቸዋለሁ።

ያኔ በመጨረሻው የገበያ ቀን ታዲያ ባባ እድሪስ ቢዳስሱኝ ቢዳስሱኝ ጣፊያዬን አጡት፤ ከጎድኔ ሥር ተመልሶ ገብቷል። እጄን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝና እናቴን፣

«ኸላስ! ልጅሽ ድኗል። ከእንግዲህ መምጣት የለባችሁም» አሏት።

እናቴ ተንበርክካ መሬት ሳመች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እልልታዋን ልታቀልጠው አፏን ከፈተች፤ እኛም ጆሯችንን ያዝን። እልልታው ሳይወጣ ግን ድንገት ቀና አለችና፣

«ውይ ባባ እድሪስ! ታዲያ ጅቡ ሳይያዝ የት ልንሄድ ነው?»